ትንፋሼን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሳንባ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ ቤቴ ገብቻለሁ። ደረጃ ስወጣ አሁንም መሀል ላይ ቆም እላለሁ፤ ግን እወጣለሁ።

ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ የጸለያችሁ፣ ባሕር ማዶ ሆናችሁ ሌሊት የደወላችሁ ብዙ ናችሁ። ስም መጥራት ብጀምር የሚዘለል አይጠፋም፤ የተዘለለው ደግሞ ይቀየመኛል። ሙዚቀኛ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ! ስለዚህ ሐኪሞቹንም፣ ነርሶቹንም፣ ዕድርተኞቼንም፣ የእርዳታ ምሽት ያዘጋጁልኝን የድሮ የባንድ ጓደኞቼንም፣ ያለ ክፍያ የዘፈኑትን ልጆችም በአንድ ላይ ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ እላለሁ። ባለቤቴን ግን ለብቻዋ ነው የማመሰግነው። ሌሊት ሥራ የሚያድር ባል ችላ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ሌሊቱን ሲያስል የሚያድር ባል አስታመመች።

በዚያ የእርዳታ ምሽት አንድ ወጣት ማይኩን አስጠግቶልኝ “ጋሼ፣ ከማን ተማሩ? እነማንን ይወዳሉ?” ብሎኝ ነበር። ትንፋሽ አጥሮኝ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አለፍኩት። የምስጋናዬ ግማሽ የእነሱ ስለሆነ መልሱን እዚህ ልስጠው።

ቴነር ሳክስ፣ ማለትም ወፈር ያለ ድምፅ ያለውን ሳክስፎን፣ ያስያዘኝ ጌታቸው መኩሪያ ነው። እሱ ራሱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነበር። ኋላ ሳክስፎን ሲይዝ ሽለላውን ይዞ ገባበት። ሽላዩ ድምፁን እንደሚያንቀጠቅጠው፣ ወደ ላይ እንደሚወረውረው፣ ድንገት እንደሚቆርጠው፣ ጌታቸውም በሪዱ፣ በሳክሱ አፍ ላይ በምትንቀጠቀጠው ቀጭን ሸንበቆ፣ ያንኑ አደረገ። የውጭ ሰዎች በኋላ ሲሰሙት “ፍሪ ጃዝ” አሉት፤ ከተለመደው ሕግ የወጣ ጃዝ ማለታቸው ነው። ይሄ ሁሌም ያስቀኛል። ሰውየው እየሸለለ ነበር! ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ የፐንክ ባንድ ጋር ሆኖ አውሮፓን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የእኛ ሰፈር ሳክሲስቶች ሁሉ ሚዛን እሱ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳንባዬ እንዲከፈት አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጡኝ። በቱቦው አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ውስጧ ያለችው ኳስ ትነሳለች። አሰልቺ ሥራ ነው። እኔ ግን የጌታቸውን አጨዋወት በሐሳቤ እየሰማሁ፣ እሱ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሲደርስ እስብ ነበር። ነርሷ “ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ውድድር አይደለም እኮ” ትለኛለች። ከጌታቸው ጋር ከሆነ ውድድር ነው።

ቀጥሎ ጥላሁን ገሠሠ። ዘፋኝ ሳክስ ያስተምራል ወይ? በደንብ ነዋ! ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈናቸውን ልብ ብላችሁ ስሙ። እሱ ሲገባ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይለቁለታል፤ ስንኙን ሲዘጋ ይመልሱለታል። መቼ ዝም እንደሚባል የተማርኩት ከዚያ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ማረፉን ስሰማ ሳክሴን አወጣሁ። አንድም ዜማውን መጨረስ አልቻልኩም።

ኖታ ያስቆጠሩኝ ሰው የሙዚቃ መምህሩ የነርሲስ ናልባንዲያን ተማሪ ነበሩ። የነርሲስ አጎት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባዎቹን የአርመን ልጆች ሙዚቃ እያስተማሩ አገራችን የገቡ ናቸው። ለዚያ ቤተሰብ ያለብን ዕዳ ገና በወጉ አልተነገረም።

በኢትዮ ጃዝ አባት በሙላቱ አስታጥቄ ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ለንደንና ቦስተን ተምሮ መጥቶ፣ አምስቱን የቅኝት ድምፆች እንዳሉ ትቶ ከሥራቸው ያለውን ኮርድ፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ቀየረው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ኮርዱ ያለ ቦታው ከገባ ቅኝቱ ይጠፋል። አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከእሱ ጋር ሲጫወት ጭቅጭቁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የት ያልቃል!

ከውጭ ሳክሲስቶች አሜሪካውያኑን ኪንግ ከርቲስንና ጁኒየር ዎከርን አስቀድማለሁ። የጃዙን ሳክሲስት ኮልትሬንን እወደዋለሁ፤ ልጫወተው ግን ሞክሬም አላውቅ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕዝቡ የሚጠይቀው ዘፈን ያልቅና እኛ የምንወደው ይመጣል። እነዚያን የውጭ ሳክሲስቶች በደንብ ያጠናኋቸው በዚያ ሰዓት ነው።

አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አይታ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በስልኳ ከፈተችልኝ። ዕድሜዋ የልጅ ልጄ ይሆናል፤ እንዴት እንዳወቀቻቸው እንጃ። የእማሆይ ቀኝ እጅ ዜማውን ሲያዘገይ ግራው ይጠብቀዋል፤ ሜትሮኖም የሚባል ምት ቆጣሪ እዚያ ቤት የለም። ስምሽን አልጠራም፣ ልጄ። ተባረኪ።

ከሕክምናው የተረፈውን ገንዘብ ኮሚቴው ለሌላ ታማሚ ሙዚቀኛ እንዲያውለው ተስማምተናል። ሳክሴን ማይኩን ላስጠጋልኝ ወጣት ሰጥቼዋለሁ፤ ሪዱን ራሱ ይግዛ። ልትጠይቁኝ መጥታችሁ ካሴት ይዛችሁ የሄዳችሁትን ደግሞ አውቃችኋለሁ። የጌታቸው ይመለስልኝ፣ ሌላውን መርቄላችኋለሁ።