የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን የበረራ ሰዓት ስሌታችሁ ይታረም

ለትኬት መሸጫ ድረ ገጹ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ የጉዞ ሰዓት መረጃን ይመለከታል

በድረ ገጻችሁ በኩል ለደንበኞቻችን ትኬት የምንቆርጥ የጉዞ ወኪሎች ነን። ለታኅሣሥ ወር ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ መልስ ሲፈለግ የርቀት ገጻችሁ 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፣ የትኬት ገጻችሁ ደግሞ በመሄጃው 9፣ በመመለሻው 21 ሰዓት ይላል። ለመሄጃው አንዱም ልክ አይደለም።

የመጀመሪያው ቁጥር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአየር ርቀት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሆነ ፍጥነት በማካፈል የመጣ ነው። ለመሄጃም ለመመለሻም ያው መሆኑ ብቻ ሊያጠራጥራችሁ ይገባ ነበር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ አቅምም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የበረራ ቁጥሩ ስለማይቀየር የእናንተ ገጽ «ማረፊያ፦ 0» ብሎ ያልፈዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱም ከፊት ነው። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስላለ በመልሱ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

9 እና 21 የመጡት በየከተማው ሰዓት የተጻፈውን መነሻ ከመድረሻው ዝም ብሎ በመቀነስ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በቀረው ጊዜ በ7። ከቦሌ 22:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ደለስ የሚያርፍ በረራ 9 ሲደመር 8፣ ማለትም 17 ሰዓት ነው። ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ቦሌ የሚገባው ደግሞ 21 ሲቀነስ 8፣ 13 ይሆናል።

ጉዳቱ የሚታየው ተያያዥ በረራ ላይ ነው። የርቀት ገጹን ያመነ መንገደኛ ደለስ የሚደርሰው 02:47 ይመስለውና በሌላ ትኬት የ08:00 በረራ ወደ ሚኒያፖሊስ ይገዛል። አውሮፕላኑ 07:00 ያርፋል፤ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ ወስዶ ጉምሩክ ማለፍ አለ፣ እንደገና ማስረከብ አለ። አይደርስም። ትኬቶቹ ስላልተያያዙም ሁለተኛው አየር መንገድ «አልመጣም» ብሎ ይሰርዝበታል።

በአማርኛው ገጽ ላይ 22:00ን «ማታ 10:00» ብላችሁ መጻፋችሁ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ማታ 4 ሰዓት ነው! ሌሊት 10 መስሎት ቦሌ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ያልፈዋል።

የጉዞው ርዝመት ከአየር መንገዱ መርሐ ግብር ተወስዶ በየከተማው የሰዓት ቀጠና እንዲሰላ፣ የነዳጅ ማረፊያው ከነቆይታው እንዲታይ፣ የአማርኛው ሰዓት እንዲታረም፣ በዚህ ስህተት ለትኬት ቅያሬ የከፈሉ ደንበኞቻችን ገንዘብም እንዲመለስ እንጠይቃለን። የደረሰኞቹን ቅጂ አያይዘናል። መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር