ማሽን የፈረመውን ፎቶ በሰርተፍኬት ስለላካችሁልኝ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ "በእጅ የተፈረመ" ተብሎ ስለተላከልኝ ፊርማ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

ድርጅታችሁ ጫማ ከሰቀሉ እግር ኳስ ተጫዋቾች በፖስታ ፊርማ እያስመጣ ለሰብሳቢዎች ይልካል። እኔም ክፍያውን ፈጽሜ፣ አንድ የድሮ ተከላካይ የተነሱትን ፎቶ ላክሁላችሁ። የተጫዋቹን ስም ከትዕዛዝ ቅጹ ላይ ታገኙታላችሁ። ቅሬታዬ በእናንተ ላይ እንጂ በእሳቸው ላይ ስላልሆነ እዚህ ማንሳት አልፈለግሁም።

ፎቶው ተፈርሞ መጣ፤ ከነሰርተፍኬቱ። ሰርተፍኬቱ ወርቃማ ማኅተም አለው። "ፊርማው በተጫዋቹ እጅ የተፈረመ መሆኑን እናረጋግጣለን" ይላል። እኔ ግን ፊርማው ላይ ያረፈው የሰው እጅ ሳይሆን የፊርማ ማሽን፣ ማለትም ኦቶፔን ነው እላለሁ።

በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። የእኚሁኑ ተጫዋች ፊርማ በእናንተ በኩል ያስመጣ አንድ ሰብሳቢ ጓደኛ አለኝ። የሁለታችንንም ፎቶ ስካን አድርገን፣ ኮምፒውተር ላይ አንዱን ፊርማ በሌላው ላይ ደረብነው። የመጀመሪያው ፊደል ቁልቁል የሚወርድበት፣ መሃል ላይ የሚጠመዘዝበት፣ መጨረሻ ላይ የሚጎተተው ጭራ፣ ሁሉም ልክክ ብሎ ገጠመ። ሰው ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎ አይፈርምም። ባንክ ሄዶ "ፊርማህ ከበፊቱ ጋር አይመሳሰልም" ያልተባለ ማን አለ?

ከዚያ በማጉያ መነጽር አየነው። እጅ ሲቸኩል መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲጫን ይወፍራል። የእናንተ ፊርማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀለም የተጠራቀመባቸው ነጥቦች አሉ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ለአፍታ ቆሞ ነው ጉዞ የጀመረው፤ ማሽን ሲፈርም የሚተወው ምልክት ይኸው ነው።

ስልክ ስደውል ያነሳው ሠራተኛችሁ "ፊርማው እኮ በጣም ጥርት ያለ ነው" አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ተጫዋቹ ዕድሜያቸው ወደ 80 ተጠግቷል። በዚያ ዕድሜ ፊርማ ያጥራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ፊደል ይዘለላል። የተላከልኝ ፊርማ ግን ሜዳ ላይ በነበሩበት ዘመን ከፈረሙት ጋር አንድ ነው። ማሽኑ የሚከተለው ናሙና ያኔ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም።

ሠራተኛው ቀጥሎ "ከተጫዋቹ ቢሮ ስለመጣ ትክክለኛ ነው" አለኝ። ቢሮ ግን አይፈርምም። ጸሐፊ ወይም የቤተሰብ አባል ሊፈርም ይችላል፣ ማኅተም ሊመታ ይችላል፣ ማሽን ሊሠራ ይችላል። ታዋቂ ሰው ብዙ ደብዳቤ ሲጎርፍለት እንዲህ ማድረጉ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ በዚያ አልከስም። ቅር ያሰኘኝ እናንተ ይህን "በእጅ የተፈረመ" ብላችሁ ማኅተም መምታታችሁ ነው።

ይህን ነገር በፖስታ የምንሰበስብ ሰዎች ብዙ አንጠይቅም። አጭር ደብዳቤ በእጃችን እንጽፋለን። ፎቶ እንጨምራለን፣ እንዳይታጠፍ ካርቶን እናደርግበታለን፣ የራሳችን አድራሻ ያለበትና ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ አብረን እንልካለን። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ፈርሞ መልካም ምኞት ይጽፍበታል። አንዳንዱ ሳይፈርም ይመልሰዋል። ከነጭራሹ የማይመልስም አለ። ባዶውን ቢመለስልኝ ኖሮ ፎቶዬን ተቀብዬ ዝም እል ነበር። አሁን ግን ፎቶው ላይ በማርከር የተጻፈ፣ የማይጠፋ፣ የማንም ያልሆነ ፊርማ አለበት። ፎቶው ሌላ ቅጂ የለውም። ካርቶኑን አውጥታችሁ ስለላካችሁት ጥጉ መታጠፉን ለጊዜው እተወዋለሁ።

ሰርተፍኬት ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ እናንተም ታውቁታላችሁ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ "ኦፕሬሽን ቡልፔን" ብሎ ሐሰተኛ የስፖርት ፊርማዎችን ሲያድን፣ ሐሰተኛ ሰርተፍኬትም አብሮ ነው ያገኘው። ከተያዘው ዕቃ መካከል ማዘር ተሬዛ "የፈረሙባቸው" የቤዝቦል ኳሶች ነበሩ። እነዚያም ገዢ አያጡም ነበር ማለት ነው።

ከእኔ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን የቦብ ዲላን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሳታሚው በዘፋኙ እጅ የተፈረመ ነው ብሎ አንዱን መጽሐፍ በ600 ዶላር ሸጠ። ከእያንዳንዱ ጋር የአሳታሚው ኃላፊ የፈረሙበት የማረጋገጫ ደብዳቤ ነበር። ገዢዎቹ ፊርማዎቹን እርስ በርስ ሲያነጻጽሩ የማሽን ሆነው ተገኙ። አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን መለሰ፤ ዲላን ራሱም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ያህል ትልቅ ድርጅት ካመነ እናንተን ምን ያግዳችኋል?

ስለዚህ የከፈልሁት የአገልግሎት ክፍያ፣ የማረጋገጫውና የመላኪያው ጭምር፣ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ግን ፎቶዬን አይመልስልኝም። እናም ከገንዘቡ በላይ የምፈልገው መልስ አለ፦ ፎቶውን ማን ተቀበለ? የት ተፈረመ? ሰርተፍኬቱን የፈረመው ባለሙያችሁ ፊርማውን ከምን ጋር አነጻጽሮ ነው "ትክክለኛ" ያለው? ተጫዋቹ ሲፈርሙ ያየ የእናንተ ሰው ከሌለ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ቃል መቀየር አለበት። የእኚሁኑ ተጫዋች ፊርማ ለወሰዱ ሌሎች ደንበኞችም ንገሯቸው። እነሱም ገንዘብ ከፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ምናልባት ፍሬም አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

የሁለቱን ፊርማዎች ስካን፣ ደራርበን ያየነውን ምስልና የሰርተፍኬቱን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ፎቶውን ለምርመራ ላክልን እንዳትሉኝ፤ ከእጄ አይወጣም። ልታዩት ከፈለጋችሁ እኔ ባለሁበት ሰው ላኩ። በስልክ የተነገረኝን ሰምቻለሁ፤ ከእንግዲህ የምቀበለው በጽሑፍ፣ የኃላፊ ስምና ፊርማ ያለበት መልስ ብቻ ነው። ፊርማውም በእጅ ይሁንልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ