ጌዴዎን በየትኛው እጁ ሰይፍ ያዘ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ድሮ ወታደር ነበርኩ። ሰሞኑን ሰው በውኃ መስመር ከጎረቤቱ ሲጣላ እንኳ «እግዚአብሔር ይዋጋልኛል» ሲል እሰማለሁ። ያሳዝነኛል።

እስቲ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7ን በወታደር ዓይን እንየው። የእስራኤል መሪ ጌዴዎን ምድያማውያንን ሊወጋ 32,000 ሰው ይዞ ወጣ። የፈሩት 22,000 ተመለሱ። ውኃው ዳር ሌላ 9,700 ተቀነሰ። የቀሩት 300 በግራ እጃቸው ችቦ፣ በቀኝ እጃቸው ቀንደ መለከት ያዙ። ታዲያ ሰይፉን በየት እጅ ይምዘዙት? እኔ ቃታ የሳብኩ ሰው ነኝ። በሌሊት፣ በጠላት ሰፈር ዙሪያ፣ እንዲያ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እግዚአብሔር የቀነሰው የጌዴዎንን ሠራዊት ነው። እኛ ግን የጎረቤታችንን እንዲቀንስልን እንለምናለን።

የእኔ ጦርነት አረቄ ነበር። በጉልበቴ ሦስት ጊዜ ተውኩት፤ ሦስቴም ተመለስኩበት። በመጨረሻ ለነፍስ አባቴ «አልቻልኩም፣ አባቴ» አልኳቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ውጊያችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም ብሎ የጻፈው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሰባት ዓመት ሆነኝ። አረቄ ቤቱ አሁንም ከታክሲ መውረጃዬ አጠገብ ነው። ማታ ማታ በበሩ ሳልፍ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ