ሐና የምትማረው ኡስቲ ነው

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ወንድሜ እንደነገረኝ የስኳሩን መድኃኒት አንዳንድ ቀን ያልፉታል። እባክዎን አይለፉት። እግርዎ ላይ ቁስል ከወጣም ትንሽ ናት ብለው አይተዉት፤ ዕለቱን ሐኪም ይየው።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ትንሹ በቁመት አባቱን ሊደርስ ነው። ሐና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በስልክ የት እንደሆነ ሳልነግርዎ የቀረሁት አውቄ ነው፤ ሰሜን ቼክ፣ ኡስቲ ናድ ላበም ከተማ ነው፣ እኔ የተማርኩበት።

ለእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ማለት ፕራግ ነው፦ በፈረንጆቹ 1348 የተመሠረተው ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ፣ የስትራሆቭ የተማሪዎች መኖሪያ፣ የዚያን ጊዜ ጓደኞችዎ። እኔ ኡስቲ ስገባ «ፕራግን ትታ አውራጃ ወረደች» ያሉት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የወንድሜ የምረቃ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄዎት አላውቅም።

እርስዎ በሚማሩበት ዘመን እውነትም ኡስቲ ከመምህራን ፋኩልቲ ሌላ አልነበራትም። ዩኒቨርሲቲ የሆነችው ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1991፣ ነው። ያኔ ኡስቲ፣ ፕልዘን፣ ቼስኬ ቡዲዬዮቪትሴ፣ ኦስትራቫና ኦፓቫ በአንድ ሕግ ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ ዝሊን በ2001 ተከተለች። የኡስቲው ገና ሲጀምር የአካባቢ ጥበቃ ፋኩልቲ ከፈተ፤ አገሩ በከሰል ጭስ ታፍኖ ነበርና። አሮጌዋ የሞስት ከተማ ለከሰል ሲባል እንደፈረሰች፣ ቤተ ክርስቲያኗንም በ1975 በሐዲድ ገፍተው እንዳተረፏት እርስዎ ራስዎ ነበሩ የነገሩኝ። አብረውኝ የተማሩት የማዕድን ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ከቤታቸው ኮሌጅ የረገጠ ሰው አልነበረም፤ የፕራግን የቤት ኪራይም አይችሉትም። ዩኒቨርሲቲው ደጃቸው ባይመጣ ኖሮ ማን ያስተምራቸው ነበር? ብዙዎቹ ተመርቀው እዚያው ቀሩ፤ የተቆፈረውን መሬት መልሶ ማልማት ሥራቸው የሆነ አሉ። ከከተማው አጠገብ ያለው የከሰል ጉድጓድ ዛሬ ሚላዳ የሚባል ሐይቅ ነው። ሐና ዋና የለመደችው እዚያ ነው፤ ልትማር የመረጠችውም ያንኑ የእኔን ፋኩልቲ ነው።

አባባ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ቼክኛን ፊደል በፊደል ያስያዙኝም እርስዎ። ስለዚህ ነው ያ ቃል የከበደኝ። እሑድ ሐና ራሷ ትደውልልዎታለች። «ፕራግ ለምን አልሆነም?» ብለው አይጠይቋት። እርስዎን አያቴ ብላ የምትኮራ ልጅ ናት፤ እንኳን ደስ አለሽ ይበሏት።

ለገና ሁላችንም እንመጣለን። እስከዚያ ጤናዎን ይጠብቁልኝ፣ እባክዎን። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ለወንድሜ ይንገሩት፤ የመነጽሩን ገንዘብ ልኬለታለሁ።

ልጅዎ