ከክልከላው በፊት የጣውላው ምንጭ ይታሰብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መንግሥታት ከተፈጥሮ ደን እንጨት መቁረጥን ጨርሰው እንዲከለክሉ የጠየቃችሁበትን ርእሰ አንቀጽ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የደኑ ነገር እኔንም ያሳስበኛል፤ ሆኖም ክልከላው በታወጀ ማግስት ጣውላ ፈላጊው ወዴት እንደሚሄድ ጽሑፉ ሳያነሣ አልፏል።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1988 በደቡብ ግዛቶቿ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1989 ከተፈጥሮ ደን ለንግድ የሚደረግ ቆረጣን አገደች። ነጋዴዎቿ ግን ፊታቸውን ወደ ምያንማርና ወደ ላኦስ ደኖች አዞሩ። ቻይናም ከ1998ቱ የያንግትዜ ጎርፍ በኋላ ቆረጣን ስትገድብ ከሩሲያ የምታስገባው ግንድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሻቀበ።

የኒውዚላንድ አካሄድ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል ባይ ነኝ። አገሪቱ ከ1920ዎቹ ጀምራ ራዲያታ የተባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የፓይን ዝርያ በሰፊው በመትከሏ፣ የ1949 የደን ሕጓን በ1993 ስታሻሽል አብዛኛውን እንጨት የምታገኘው ከተተከለ ደን ነበር። የተሻሻለው ሕግ በግል ይዞታ ያለውን አገር በቀል ደን ፈጽሞ አልዘጋውም፤ ባለይዞታው የጸደቀ የአያያዝ ዕቅድ ወይም ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል፣ እንደ ሪሙ ያሉ የዝግባ ዘመዶችም በነጠላ ወይም በትንንሽ ስብስብ እየተመረጡ ብቻ እንዲቆረጡ ይደነግጋል። ከሁሉም ብልህነት ሆኖ ያገኘሁት ቁጥጥሩ መሰንጠቂያው ድረስ መዝለቁ ነው፤ አገር በቀል ግንድ የሚሰነጥቅ ሁሉ መመዝገብ ይኖርበታል። በሰፊ ጫካ ውስጥ እያንዳንዱን ጉቶ ከመጠበቅ ወደ መሰንጠቂያ የሚገባውን ግንድ መፈተሽ እንደሚቀል ለማንም ግልጽ ነው። መንግሥት በራሱ ይዞታ ሥር ባለው የምዕራብ ጠረፍ ደን ቆረጣ ጨርሶ የቆመው ግን በ2002 ነው። (ይህችው አገር ለበረንዳ ወለል የሚሆን ጠንካራ እንጨት ከሐሩር ደኖች መግዛቷን አልተወችምና ነቀፋ የሌለባት አድርጌ አላቀርባትም።)

የተተከለ ደን ለአእዋፍም ሆነ ለምንጭ ውኃ የተፈጥሮ ደንን ያህል እንደማይሆን አልዘነጋሁም። የሚፈለግበት ጣውላው ነው፤ ያም ቢሆን ችግኙ ለመጋዝ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈጃልና ተከላው ከእገዳው መቅደም አለበት።

ስለዚህ የክልከላ ረቂቅ በየትኛውም ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ዘጋቢዎቻችሁ ተተኪው እንጨት ከየት እንደሚመጣ፣ የተተከለው ደን ስንት ዓመት እንደሞላውና ከውጭ የሚገባው ጣውላ ከየትኛው ደን እንደተቆረጠ ማን እንደሚያረጋግጥ እንዲጠይቁልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንባቢያችሁ