ደብዳቤ ለልጄ፦ ዲፈረንሻሉ ከመውረዱ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ መኪናሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ያቺ የፈረንጆች 2013 ሞዴል ሳየን ኤፍ አር ኤስ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቆመችበት ስትነሣ ኋላዋ እንደሚንሸራተት፣ ነዳጁን ለቀሽ መልሰሽ ስትረግጪ ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ እንደሚሰማ፣ በሰዓት 45 ማይል ገደማ ላይ ማጉረምረም እንደምትጀምርና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራትም አንዳንድ ቀን በርቶ እንደሚቀር ነግረሽኛል። የሚያሳስበኝ ግን የጋራዡ ፍርድ ነው። መኪናዋን አንሥተው አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ ሲያዞሩት ሌላው በተቃራኒው ስለዞረ ብቻ «ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉው ይቀየር» ማለታቸው ልክ አይደለም። በዚህ ማስረጃ ገንዘብሽን እንዳታወጪ እለምንሻለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳሽ። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ካለው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፈረንሻል ነው። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም እኩል ጉልበት ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ሌላውም ከዚያ የበለጠ አያገኝም። በአንቺ መኪና ውስጥ ያለው ግን ቶርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ በሰያፍ የተቆረጡ ጥርሶች ያሉት ሲሆን፣ ጉልበት ሲገባበት ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው እየተገፉ ስለሚተሻሹ መሬት የያዘው ጎማ ከላላው የበለጠ ጉልበት ይደርሰዋል። ልብ በይ፣ ሥራውን የሚሠራው ጉልበት ሲገባበት ነው። መኪናዋ ተነሥታ፣ ማርሹ ፎሌ ሆኖ፣ ጎማ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲዞር የሚያሻሸው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጤነኛ ቶርሰንም እንደ ተራ ዲፈረንሻል ሌላውን ጎማ ወደ ተቃራኒ ሊያዞረው ይችላል። ያ ፍተሻ በተደራረቡ ስስ የብረት ሰሌዳዎች ለተሠሩት፣ ሁልጊዜ ተጨምቀው ለሚቀመጡት ዓይነቶች ይጠቅማል፤ ለአንቺ ግን አይፈርድም።

ስለዚህ ከጎማው እንጀምር፤ ምርመራው የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው ልኩ 215/45 አር 17 በሆነ ሚሸሊን ፕራይመሲ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ለውድድር የታሰበ ሳይሆን፣ ነጂው የመኪናዋን ኋላ በቀላሉ እንዲጫወትባት ሆን ተብሎ መጠነኛ የመያዝ አቅም ያለው ሆኖ የተመረጠ ነው። እንግዲህ ጎማው ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አስቢው። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚሉት ፊደሎች በኋላ የሚመጡትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቢ፤ 2315 ቢል በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የጥርሱን ጥልቀት ከውስጥ ጠርዝ፣ ከመሀልና ከውጭ ጠርዝ ለይተሽ ለኪ። ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ቢፈቅድም በዝናብ የሚያንሸራትተው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የበጋ ጎማ ከሆነ ደግሞ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይደርቃልና፣ በቨርጂኒያ ክረምት ጠዋት ላይ ብትንሸራተቺ አይድነቅሽ። ከዚያ የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ዙሪያ በሜትር ለኪ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ዙሪያቸው ስለሚለያይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ሲተሻሽ ይውላል፤ ይሞቃል፣ ዘይቱም ያለ ጊዜው ይበላሻል። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር መቃን ላይ ባለው ወረቀት መሠረት አስተካክዪ።

ቀጥሎ አንድ የምትተማመኚበት ሰው ከውጭ ቆሞ እንዲያይልሽ አድርጊ። ባዶ በሆነ፣ ውሃ በነካው የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ መቆጣጠሪያውን አጥፍተሽ ቀጥ ብለሽ ተነሺ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ከተንሸራተቱ ቶርሰኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለው የጎማ መያዝ ነው። አንዱ ብቻ እየተሽከረከረ ሌላው ዝም ካለ፣ ሁለቱም የቆሙበት መሬት አንድ ዓይነት መሆኑ ተረጋግጦ ደግሞም ተደጋግሞ ከታየ፣ ያኔ ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ተገቢ ነው። መቆጣጠሪያው ሳይጠፋ ይህን መፈተን ዋጋ የለውም፤ ኮምፒዩተሩ የሚንሸራተተውን ጎማ በራሱ ፍሬን ስለሚይዝና የሞተሩንም ጉልበት ስለሚቀንስ የዲፈረንሻሉን ጤናም ሕመምም ይሸፍነዋል።

የመብራቱን ነገር ለብቻው ያዢው። ብልጭ ድርግም ሲል ሥራ ላይ ነው፤ በርቶ ሲቀር ግን ችግር አለ ማለት ነው፤ ያንንም ሜካኒካዊ ዲፈረንሻል አያበራውም። በየጎማው ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። የኮምፒዩተር ማንበቢያ ያለው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ቀስ ብለሽ ስትነጂ የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት በአንድ ጊዜ ይመልከት። አንዱ ድንገት ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ሴንሰሩን፣ ሽቦውን ወይም የዚያን ጎማ ኩሽኔታ ታገኚዋለሽ።

ማጉረምረሙን በተመለከተ ጆሮሽን እመኚ። በዚያ ፍጥነት ላይ ሳለሽ ነዳጅ ስትረግጪ፣ ስትለቂና ማርሹን ፎሌ አድርገሽ መኪናዋ በራሷ እንድትሄድ ስትተያት ድምፁ ይለዋወጣል ወይ? የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ ጉዳት ካለባቸው ጩኸቱ ቀጭን ይሆናል፣ ነዳጅ በመርገጥና በመልቀቅም ይቀየራል፤ አንዱ ጊዜ ይበረታል፣ ሌላው ጊዜ ይጠፋል። ነዳጅ ብትረግጪም ብትለቂም ያው ሆኖ፣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታወዛውዢ የሚለወጥ ከሆነ ግን የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ግራ ስትዞሪ ከበረታ በቀኝ በኩል ያለው ይጠረጠራል፣ ጭነቱ ወደዚያ ይሄዳልና። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁ አብሮ ከተቀየረ የጎማው ጥርስ ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል። ንዝረትም ካለ ፍጥነቱን ገምቺ፦ በሰዓት 62 ማይል ላይ ጎማሽ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ግን የዲፈረንሻልሽ መጠን 4.1 ስለሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ ስለሚዞር፣ 58 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቀስ ብሎ የሚያንዘፈዝፍ የጎማ፣ ፈጥኖ እንደ ንብ የሚጮህ የዘንጉ ነው።

«ቋ» የሚለው ድምፅ ዲፈረንሻል ውስጥ መሆኑንም እጠራጠራለሁ። እኔ ዕድሜዬን የሠራሁባቸው የቶዮታ ፒክአፖች ዲፈረንሻላቸው ከወፍራሙ አክስል ጋር አንድ አካል ነው። የአንቺ ግን በሻንሲው ሥር በላስቲክ መያዣዎች የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ከግራና ከቀኙ መገጣጠሚያ ያላቸው ሁለት አጫጭር ዘንጎች ይወጡለታል። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ከተቀደደ፣ ጉልበት በገባና በወጣ ቁጥር ዲፈረንሻሉ ሁለመናው ይነሣና ይወድቃል። መካኒኩ ከሥር ሆኖ በረጅም ብረት በቀስታ ያንቀሳቅሰው፤ ላስቲኩ ውስጥ ስንጥቅ ይታያል። የዘንጎቹን መገጣጠሚያና የላስቲክ ሽፋናቸውንም ይይ፤ ግሪስ የረጨ ካለ ተቀዷል። የጥርስ ጥቂት መላላት ግን በጤነኛ ዲፈረንሻልም አለ፣ የግድ ነው።

በመጨረሻ ዘይቱ ይታይ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ፦ ማፍሰሻው ከመከፈቱ በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታ። መሙያው እምቢ ካለ ዘይቱ ፈሶ መኪናዋ እዚያው ትቀራለች። ማፍሰሻው ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ በጨርቅ ላይ ጥረጊውና በብርሃን ተመልከቺው። እንደ ለስላሳ ጭቃ ያለ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን አይደለም። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። ጂ ኤል 5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ካምቢዮ እንዳይገባም ተጠንቀቂ፤ በውስጡ ያለው ድኝ የነሐስ ክፍሎችን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጎማ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ሞተር አስነሥቶ ማርሽ ማስገባትን ማንም እንዳያደርግ። መሬት የነካው ጎማ ጉልበት ሊያገኝና መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ልትዘል ትችላለች። መኪናዋ ስትነሣም በክሪክ ብቻ አትቁም፤ በጠንካራ ብረት መደገፊያ ትያዝ።

ይህን ሁሉ አይተሽ የብረት ስባሪ ከተገኘ፣ ወይም አንድ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር በተደጋጋሚ ከታየ፣ ያን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ይውረድ፣ እኔም እስማማለሁ። ያገለገለ ዲፈረንሻል ስትገዢ ያው መኪና ስሙ ተቀይሮ ቶዮታ 86 ተብሎ ከተሠራው፣ ከ2017 እስከ 2020 ሞዴል ካሉት ባለ እጅ ማርሽ መኪናዎች እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ የእነዚያ መጠን 4.3 ነውና በዚያው ፍጥነት ሞተሩን የበለጠ ያዞረዋል። በጠየቅሁሽ ሦስት ሁኔታዎች፣ ማለትም ነዳጅ ስትረግጪ፣ ስትለቂና በፎሌ፣ ድምፁን በስልክሽ ቀርጸሽ፣ የማግኔቱንም ፎቶ ጨምረሽ ላኪልኝ። ጋራዡ ያወጣውን የዋጋ ዝርዝር ደግሞ እስክመልስልሽ ድረስ አትፈርሚበት።

አባትሽ