አዲስ አበባ ላይ ኮምፒውተር ለምትገጣጥሙ፦ ከፕሮሰሰሩ በፊት አየሩን አስቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኮምፒውተር ግዢ የሚጻፉ ምክሮች በጋዜጣችሁም በሌላውም ቦታ እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ችግሩ ግን አብዛኛው ምክር የሚያስበው መብራት የማይጠፋበትን፣ ከባሕር ጠረፍ ብዙም ከፍ ብሎ የማይኖረውንና ዕቃው ሲበላሽበት ወደ ገዛበት ልኮ አዲስ የሚቀበለውን ሰው ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በተለይ ፕሮሰሰራቸውን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ስሌት ሠሪ ቺፕ ኦቨርክሎክ ለማድረግ፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስኬድ ለሚያስቡ ልጆች ይሄ ልዩነት ኪስ ይነካል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ዋጋ የተሳሳተ ዕቃ መግዛት በጣም ያማል።

ከአየሩ ልጀምር። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይሳሳል። ፋኑ ዞሮ ዞሮ የሚገፋው አየር መጠኑ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ቀንሷል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ጠረፍ ላይ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በ50 ዲግሪ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ማቀዝቀዣ እዚህ በግምት ከ55 እስከ 60 ይሆናል ብላችሁ አስቡ። ደግነቱ ከተማችን ቀዝቃዛ ናት። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን ጭማሪው ይካካሳል። ድሬዳዋ ያለ ሰው አየሩ ከእኛ ይወፍርለታል፣ ግን ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ሊደርስ ይችላልና ለኦቨርክሎክ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ነሐሴ ላይ ተሞክሮ ደህና የሆነ ቅንብር ሚያዝያ ላይ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ሙከራችሁን በሞቃቱ ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ተዘግቶ አድርጉት።

እንግዲያው የውሃ ማቀዝቀዣ አይሻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ውሃው እኮ ሙቀቱን አያጠፋውም። ከፕሮሰሰሩ ላይ አንስቶ ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል፣ ራዲያተሩን የሚያበርደው ደግሞ ያው የሳሳው አየራችን ነው። በዚያ ላይ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ሲሞት ጠቅላላው ዕቃ ይጣላል፤ ካፈሰሰ ደግሞ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) እና ግራፊክስ ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ባለ ዋስትና ነው ይሏችኋል፣ ግን በሰው ሻንጣ የመጣ ዕቃ ዋስትናውን ለማስከበር ተመልሶ በሰው ሻንጣ መሄድ አለበት። ፕሮሰሰሩን በፋን ብቻ የሚያበርደው የአየር ማቀዝቀዣ ላይ የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው። የ120 ሚሊሜትር ፋን ደግሞ መርካቶም ቦሌም ይገኛል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ትልቅ፣ ባለ ሁለት ማማ፣ ማለትም ሁለት የብረት ክንፍ ቁልል ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ግዙ። ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ 40 ዶላር አካባቢ ነው፣ ስድስት የሙቀት ቱቦ አለው፣ ለብዙ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15ም ግሩም ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁን ለኩ፦ የመጀመሪያው ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለተኛው 165። ኬዙ የሚያስገባው 150 ብቻ ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። እነዚህ ነገሮች ከባድ ናቸው። በሚኒባስ ወይም በባጃጅ ስትወስዱት ኬዙን አጋድማችሁ ያዙት፣ ማዘርቦርዱ ከታች ማቀዝቀዣው ከላይ ይሁን፤ አለዚያ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ክብደቱ ማዘርቦርዱን ይጎትተዋል።

አቧራውንም አትርሱ። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ይብዙ፣ መግቢያቸው ላይ ወንፊት ይኑር። ያኔ አየር የሚገባው በወንፊቱ በኩል ይሆናል እንጂ በየስንጥቁ አቧራ አይስብም። ወንፊቱን በየጊዜው እጠቡ።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ። ከሁለቱ ዋና ፕሮሰሰር ሠሪዎች አንዱ ኢንቴል ነው፣ ሌላው ኤኤምዲ። ኢንቴል ላይ ኦቨርክሎክ የሚደረጉት የስማቸው መጨረሻ ላይ ኬ ያለባቸው ናቸው፣ እንደ 13600ኬ እና 14600ኬ ያሉት። እነሱም እንደ ዜድ790 ያለ ውድ ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ኦቨርክሎክ የማያስደርገው ቢ760 ማዘርቦርድ ላይ የሰካው ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሏል። ከኬ ቀጥሎ ኤፍ ካለ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ካልገዛችሁ ስክሪናችሁ ላይ ምንም አይመጣም። ኤኤምዲ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ራይዘን የሚባሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም ለኦቨርክሎክ ክፍት ናቸው፣ መካከለኛው ቢ550 ወይም ቢ650 ማዘርቦርድም ይበቃል። ኤ520 እና ኤ620 ላይ ግን ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ አይቻልም። በጀቱ ለጠበበበት ሰው እኔ ራይዘን 5 5600 እላለሁ። ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) የቀድሞው ዓይነት ዲዲአር4 ስለሆነ የተጠቀመም ይገኛል። አቅም ካለ ራይዘን 5 7600 ግዙ፣ በኋላ ማዘርቦርዱን ሳትቀይሩ ፕሮሰሰሩን ማሳደግ ትችላላችሁ።

ግን ኦቨርክሎክ ራሱ ምን ይሰጣል? ድሮ ብዙ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ከ300 ሜጋኸርዝ ወደ 450 ይወጣ ነበር፣ ያውም በርካሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው ኮር አይ5-2500ኬም ከ3.3 ጊጋኸርዝ ተነስቶ 4.5 ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። ዛሬ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና ኤሌክትሪኩን እያየ ራሱን በራሱ ያፈጥናል። ለእናንተ የሚተወው ጥቂት በመቶ ነው። ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው፤ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ። ሁለቱንም 10 በመቶ ብትጨምሩ ኃይሉ 33 በመቶ ያድጋል። ኮር አይ9-14900ኬ ገና ማንም ሳይነካው፣ በኢንቴል በራሱ ወሰን፣ እስከ 253 ዋት ይበላል። ያንን በሳሳ አየር ላይ ገና ልጨምርበት ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የተጠቀመ ኮምፒውተር ለምትገዙም አንድ ነገር አለኝ። የኢንቴል 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ኃይለኛ ፕሮሰሰሮች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ይጎዱ እንደነበር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አምኗል፣ ማስተካከያም አውጥቷል። ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ወደፊት የሚደርሰውን ጉዳት ይከላከላል፣ የደረሰውን ግን አይመልስም። ስለዚህ አይ7 ወይም አይ9 ነው ተብላችሁ ስትገዙ ባዮሱ መታደሱን ጠይቁ፣ ኮምፒውተሩንም ከባድ ሥራ አሠርታችሁ እዩት። ባዮስ የምታድሱት ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰክታችሁ ይሁን። እድሳቱ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ራሙን አያለሁ። ፍጥነቱ 6000 ነው ተብሎ የተገዛ ዲዲአር5 ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለው ቅንብር እስኪበራ ድረስ 4800 ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ብዙ ሰው የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ዓመታት ይቀመጣል። ቀጥሎ ቮልቴጁን ከመጨመር ይልቅ እቀንሳለሁ። ራይዘን ላይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባል ቅንብር አለ፤ በትንሽ በትንሹ ወደ ታች አውርዶ በየደረጃው ኦሲሲቲ ወይም ፕራይም95 በሚባሉ የመፈተኛ ፕሮግራሞች ለረጅም ሰዓት መፈተን ነው። ፕሮሰሰሩ ይበርዳል፣ ሲበርድ ደግሞ ራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር አድርጎ ለሚያድር ሰው ይሄ ነው የሚጠቅመው። ሥራው ሌሊት መሃል ላይ አይቋረጥበትም።

የመጨረሻው ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ቀይሮ የሚያከፋፍለው) ነው፣ ብዙ ሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚገዛው። እባካችሁ ቀድማችሁ ግዙት። ከአሜሪካ የሚላክ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ያለበት ከሆነ ግን ገና ሳትሰኩት ወደ 230 አዙሩት፤ 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ከገባበት ወዲያው ይቃጠላል። ለውሃ ማቀዝቀዣ ልታወጡት ያሰባችሁት ትርፍ ገንዘብ ለጥሩ ፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት አስቡ።

አዘጋጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የኮምፒውተር ምክር ስታወጡ የፕሮሰሰሩን ዋጋ ብቻ አትጻፉ። ማዘርቦርዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን ደምራችሁ፣ በብር፣ እዚህ ገበያ ላይ ባለው ዋጋ አውጡልን። ወንድሙ ከውጭ ዕቃ ሊልክለት ያሰበ ልጅም የትኛውን ከዚያ ማስላክ፣ የትኛውን እዚህ መግዛት እንዳለበት ያን ጊዜ ማወዳደር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ